ስልኩ እየሠራ ኢንተርኔቱ ከተቆራረጠ፦ የተበላሸ የመስመር መጋጠሚያ አፈላለግ

«ስልኩ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ኢንተርኔቱ ግን በየሰዓቱ ይቆረጣል። ሞደም ልቀይር?» ክረምት በገባ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣብኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ ሞደም ከመግዛታችሁ በፊት መስመሩን ፈትሹ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ሁለት ሽቦ የተያያዘበት አንድ ቦታ ነው። ያንን ቦታ እንዴት እንደምታገኙት ከታች በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ።

መመሪያው በመዳብ የስልክ ሽቦ ኢንተርኔት ለሚጠቀሙ ነው፤ ማለትም ለኤዲኤስኤል እና ለቪዲኤስኤል። ቤታችሁ የገባው ፋይበር ከሆነ አይመለከታችሁም።

መጀመሪያ ይህን ተረዱ

ከቴሌ ጣቢያ እስከ ቤታችሁ የሚመጡት ሁለት ቀጭን የመዳብ ሽቦዎች ናቸው። ወጥ ሆነው ግን አይመጡም። መንገድ ዳር ያለው ካቢኔት ውስጥ፣ ምሰሶ ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር፣ ሶኬት ውስጥ ይቀጠላሉ። እያንዳንዱ ቅጥያ መጋጠሚያ ነው። እርጥበት ሲገባበት መዳቡ ይዝጋል። ዝገቱ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ኤሌክትሪክም እንደ ልብ አያልፍም።

ታዲያ ስልኩ ለምን ይሠራል? ስልኩን ስታነሱ ከጣቢያው በሚመጣው 48 ቮልት ገደማ ኃይል ከ20 እስከ 40 ሚሊአምፔር የሚሆን ጅረት በሽቦው ይፈሳል። ይህ ጅረት ስሱን የዝገት ሽፋን ሰብሮ ማለፍ ይችላል። የኢንተርኔቱ ሲግናል ግን በጣም ደካማ ስለሆነ ሽፋኑን መስበር አይችልም። በዚያ ላይ የሰው ድምፅ በስልክ የሚያልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ባለው ጠባብ ክልል ነው። ኤዲኤስኤል ግን ከ25 ኪሎኸርዝ ገደማ ተነስቶ እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ ይሄዳል፤ ኤዲኤስኤል2 ፕላስ ደግሞ እስከ 2.2 ሜጋኸርዝ። ስለዚህ «ስልኩ ስለሚሠራ መስመሩ ደህና ነው» የሚለው አባባል አይያዝም። ከታች ያሉት ፈተናዎች በሙሉ የተመሠረቱት በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ባለ ገመድ ተራ ስልክ። በመብራት የሚሠራው ኮርድለስ የራሱ ጫጫታ ስላለው ለዚህ ሥራ አይሆንም።
- ዲጂታል ቴስተር። ርካሹም ይበቃል፤ ቮልት፣ ሚሊቮልትና ኦም (ሽቦው ጅረትን ምን ያህል እንደሚያግድ) ይለካ እንጂ።
- አጭርና አዲስ የስልክ ገመድ
- ደህና መሆኑን የምታውቁት ተጨማሪ ስፕሊተር፣ ማለትም የስልኩንና የኢንተርኔቱን ሲግናል የምትለየው ትንሽ ሳጥን (ከጎረቤት መዋስ ይቻላል)
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ሽቦ መቁረጫ
- ውስጡ ጄል ያለው የስልክ ሽቦ ማያያዣ። ትንሽ የፕላስቲክ ቁልፍ ይመስላል። ሽቦዎቹ ልባሳቸው ሳይላጥ ይገቡበትና በፒንሳ ይጨመቃል።
- ላፕቶፕና የኔትወርክ ገመድ
- ደብተርና እስክሪብቶ። ይህን አትናቁት።

ማስጠንቀቂያ

ሰማዩ ካጉረመረመ ሥራውን አቁሙ። መብረቅ ሩቅ ቦታ ቢወድቅ እንኳ በስልክ ሽቦ ተጉዞ ቤት ይገባል። ዝናብ ላይ ሆናችሁ ወይም በእርጥብ እጅ ሽቦ አትንኩ።

የስልክ መስመር ምንም አያደርግም ብላችሁ አትዘናጉ። ስልክ ሲጠራ መስመሩ ላይ ከ75 እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኃይል ይመጣል። የሚያስደነግጥ ንዝረት ነው፤ መሰላል ላይ ላለ ሰው ደግሞ መውደቅ ማለት ነው። የልብ መሣሪያ ያለበት ሰው ይህን ሥራ አይሥራ።

ምሰሶ ላይ አትውጡ፤ የመንገድ ሳጥንም አትክፈቱ። በብዙ ሰፈር የስልክና የመብራት ሽቦ ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። የእናንተ ሥራ ከቤት መግቢያው ወዲህ ያለው ነው።

ደረጃ 1፦ መቆራረጡ ከመስመሩ መሆኑን አረጋግጡ

ኢንተርኔቱ ሲቆረጥ ሮጣችሁ ሞደሙን እዩ። ዲኤስኤል የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ወይም ከጠፋ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። ዲኤስኤሉ ቀጥ ብሎ በርቶ ኢንተርኔት የሚለው ብቻ ከጠፋ ነገሩ ከአካውንት ወይም ከአገልግሎቱ ጋር ይያያዛል፤ ይህ መመሪያ አይረዳችሁም። ሁሉም መብራት ጠፍቶ እንደገና ከበራ ደግሞ የመብራት ኃይል መዋዠቅ ወይም የሞደሙ ቻርጀር ሊሆን ይችላል።

ላፕቶፑን በዋይፋይ ሳይሆን በኔትወርክ ገመድ አገናኙ። ይህ ለምን ይጠቅማል? ዋይፋይ ከግድግዳና ከጎረቤት ዋይፋይ ጋር የራሱ ጣጣ አለው። እሱን ካላወጣችሁት የምትለኩት ነገር የመስመሩ ይሁን የዋይፋዩ አታውቁም።

ደረጃ 2፦ የሞደሙን ቁጥሮች መዝግቡ

በብራውዘሩ የሞደሙን ገጽ ክፈቱ። አድራሻው በብዙዎቹ 192.168.1.1 ነው፤ ከሞደሙ ጀርባም ተጽፏል። የዲኤስኤል ሁኔታ የሚያሳየውን ገጽ ፈልጉና እነዚህን ጻፉ፦

- ኤስኤንአር ማርጂን፦ ሲግናሉ ከጫጫታው ምን ያህል በልጦ እንደሚገኝ ያሳያል። ከ6 ዴሲቤል በታች ከሆነ መስመሩ አፋፍ ላይ ነው። ከ10 በላይ ከሆነ ምቹ ነው። ዋናው ግን ቁጥሩ መረጋጋቱ ነው። ረጋ ያለ 7 ከ12 ወደ 3 ከሚዘል ይሻላል።
- አቴኑዌሽን፦ ሲግናሉ በመንገድ ላይ ምን ያህል እንደደከመ ይነግራል። የሚወሰነው በሽቦው ርዝመትና ውፍረት ነው። ሽቦው በአንድ ቀን ስለማይረዝም ቁጥሩ ከቀን ቀን መለወጥ የለበትም። በድንገት በብዙ ዴሲቤል ከጨመረ መንገድ ላይ አንድ መጋጠሚያ ላላ ማለት ነው።
- የሲአርሲ ስህተት፦ ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ ብዛት። ጥቂት መኖሩ ያለ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ በመቶና በሺህ ሲጨምር ግን አስጊ ነው።
- የመስመሩ ፍጥነት፦ ወደ ታችም ወደ ላይም። የወደ ላይ ፍጥነቱን ለብቻው አስተውሉ። ኤዲኤስኤል ለመላኪያ የሚጠቀመው ዝቅተኛውን የሞገድ ክልል ነው። የላላ መጋጠሚያ ደግሞ ዝቅተኛውን ሞገድ አብልጦ ያግዳል። ስለዚህ መጫኛው ፍጥነት ከማውረጃው ይልቅ ከተጎዳ መጋጠሚያ ጠርጥሩ።
- ሞደሙ ሳይቆረጥ የቆየበት ሰዓት

ይህን ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እና ማታ 3 ሰዓት ላይ ለጥቂት ቀናት መዝግቡ። ዝናብ ከነበረ ከጎኑ ጻፉ። ይህ አሰልቺ ነው፤ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ይሄ ነው። በዝናብ ተበላሽቶ ፀሐይ ሲወጣ የሚስተካከል መስመር ውኃ የሚገባበት ቦታ አለው። በየቀኑ ፀሐይ ስትጠልቅ ተበላሽቶ ሲነጋ የሚስተካከል ደግሞ ብዙ ጊዜ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ እየገባበት ነው፤ ይህ ሞገድ ማታ ማታ ሩቅ ይደርሳልና። ሆኖም እዚህም ላይ መጋጠሚያው ነፃ አይደለም። ሁለቱ ሽቦዎች እኩል ሲሆኑ ከውጭ የሚመጣውን ጫጫታ እርስ በርስ ያጣፉታል። አንደኛው ላይ መጥፎ መጋጠሚያ ሲኖር እኩልነቱ ይፈርሳል፤ መስመሩም እንደ አንቴና ጫጫታ ይሰበስባል።

ደረጃ 3፦ የቤቱን ሽቦ ከጨዋታ አውጡ

መስመሩ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያርፍበትን ሶኬት ፈልጉ። ከዚያ በቤቱ ያለውን ሁሉ ንቀሉ፦ ሁለተኛ ስልክ፣ ፋክስ፣ ወደ መኝታ ቤት የተዘረጋ ኤክስቴንሽን፣ ሁሉንም። ሞደሙን በአጭሩ አዲስ ገመድ በስፕሊተሩ በኩል በዚህ የመጀመሪያ ሶኬት ሰኩና አንድ ቀን ሙሉ ተውት። ቁጥሮቹን መዝግቡ።

ከተስተካከለ ችግሩ ቤታችሁ ውስጥ ነው። የነቀላችሁትን አንድ በአንድ መልሱ፤ በእያንዳንዱ መካከል ቁጥሩን እዩ። ቁጥሩ የወደቀበት ዕቃ ወይም ሽቦ ተይዟል። ሁለት ነገር በአንዴ አትመልሱ፤ የትኛው እንዳበላሸው ሳታውቁ ትቀራላችሁ።

ካልተስተካከለ ስፕሊተሩን በተዋሳችሁት ቀይሩና እንደገና እዩ። ስፕሊተርም ይበላሻል። አሁንም ያው ከሆነ ችግሩ ከሶኬቱ ወደ ውጭ ነው፤ ወይም ሶኬቱ ራሱ ነው።

ደረጃ 4፦ መስመሩን አዳምጡ

ባለ ገመዱን ስልክ በመጀመሪያው ሶኬት ሰኩ። ሞደሙን ለጊዜው ንቀሉት፤ ያለ ስፕሊተር ከተሰካ የሱ ሲግናል ራሱ ስልኩ ላይ ሽሽ ይላልና። ስልኩን አንሱና አንድ ቁጥር ብቻ ተጫኑ። ቶኑ ለጥቂት ሰከንድ ጸጥ ይላል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አዳምጡ።

- ምንም ካልተሰማ ጥሩ ነው፤ ግን መስመሩን ነፃ አያወጣውም።
- የሚንጣጣ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ፦ የላላ ወይም የዛገ መጋጠሚያ።
- ወጥ የሆነ እምምም የሚል ድምፅ፦ ሁለቱ ሽቦዎች እኩል አይደሉም፤ የመብራቱ 50 ኸርዝ እየገባ ነው።
- የሬዲዮ ጣቢያ መሰማት፦ ያው እኩልነቱ ፈርሷል።
- ስልኩ ጭራሽ ሙት ሆኖ ኢንተርኔቱ ግን በዝግታ የሚሠራ ከሆነ፦ ከሁለቱ ሽቦ አንዱ የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። ኤዲኤስኤል በአንድ ሽቦ ብቻም አንዳንዴ ይያያዛል፤ ቀርፋፋና ተቆራራጭ ሆኖ።

ከዝናብ በኋላ ወዲያው ድገሙት። ደረቅ ቀን ላይ ብቻ ማዳመጥ ብዙ ሰው ያሳስታል።

ደረጃ 5፦ አስጠርታችሁ እዩ

ይህ ፈተና ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ የዛገ መጋጠሚያን በማጋለጥ ግን ወደር የለውም። ሞደሙንና ስልኩን በስፕሊተር መልሳችሁ ሰኩ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ስልኩን ማንም አይንካው። ከዚያ የሞደሙን ገጽ ክፍት አድርጋችሁ ከሞባይል ወደ ቤቱ ስልክ ደውሉ።

ስልኩ ሲጠራ ዲኤስኤሉ ከተቆረጠ ወይም የሲአርሲው ቁጥር ከዘለለ መጋጠሚያው ተጠርጣሪ ነው። ምክንያቱም የጥሪው ከፍተኛ ቮልት የዝገቱን ሽፋን እየሰበረ የመስመሩን ሁኔታ በቅጽበት ይለውጠዋል፤ ሞደሙም ለውጡን መከተል ያቅተዋል። ደካማ ስፕሊተርም ይህንኑ ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ በደረጃ 3 የቀየራችሁት ለዚህ ነው።

አሁን ስልኩን አንሱና ለጥቂት ደቂቃ አትዝጉት። ኤስኤንአሩን ተመልከቱ። ስልኩ እንደተነሳ ቁጥሩ ከተሻሻለ፣ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ቀስ በቀስ ከወረደ፣ ይህ የዛገ መጋጠሚያ ዋና መታወቂያ ነው። ጅረቱ እያለ ሽፋኑ ይሰበራል፤ ጅረቱ ሲቆም ይመለሳል። «ስልክ ሳወራ ኢንተርኔቱ ይሻለዋል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዕድለኝነት አይደለም፤ ይሄው ነው።

መስመራችሁ ለኢንተርኔት ብቻ ከሆነና የድምፅ ስልክ ከሌለው ይህን ደረጃ እለፉት። ግን አንድ ነገር ያዙ፦ እንዲህ ያለ መስመር ላይ ዝገቱን የሚሰብር ጅረት ጭራሽ ስለሌለ መጥፎ መጋጠሚያ የበለጠ ያስቸግራል።

ደረጃ 6፦ ቮልቱን ለኩ

ቴስተሩን 200 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ። የሶኬቱን ክዳን ፍቱና ሁለቱ የመስመር ሽቦዎች የታሰሩባቸውን ብሎኖች በቴስተሩ ጫፎች ንኩ። ስልኩ ተዘግቶ እያለ 48 ገደማ ማንበብ አለባችሁ፤ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ችግር የለውም። ስልኩ ሲነሳ ወደ 10 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ይህም ትክክል ነው።

የምትፈልጉት የሚዋዥቅ ቁጥር ነው። ስልኩ ተነስቶ እያለ ቮልቱ ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ ካለ ጅረቱ እየተቆራረጠ ነው። ስልኩ ተዘግቶ እያለ፣ ሌላ ምንም ዕቃ ሳይሰካ፣ ከ48 በብዙ ካነሰ ደግሞ በእርጥበት ምክንያት ከአንዱ ሽቦ ወደ ሌላው ወይም ወደ መሬት እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 7፦ መጋጠሚያውን ራሱን ለኩ

ከሁሉም ደረጃዎች የምወደው ይሄኛውን ነው፤ ግምትን ያስቀራልና። ስልኩን አንስታችሁ አስቀምጡት፤ ጅረት እየፈሰሰ ይቆይ። ቴስተሩን 2 ቮልት ዲሲ ወይም 2000 ሚሊቮልት ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ ወደ መጋጠሚያው በሚገባው ሽቦ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ከመጋጠሚያው በሚወጣው በዚያው ሽቦ ላይ አሳርፉ። ሁለቱን የተለያዩ ሽቦዎች አይደለም የምትለኩት፤ አንዱን ሽቦ ከመጋጠሚያው ወዲህና ወዲያ ነው።

ጥሩ መጋጠሚያ ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር ያሳያል። ሒሳቡ ቀላል ነው። 25 ሚሊአምፔር እየፈሰሰ ከሆነ እያንዳንዱ 1 ኦም 25 ሚሊቮልት ያሳያል። ግማሽ ቮልት ካነበባችሁ መጋጠሚያው ላይ 20 ኦም ተቀምጧል፤ ይህ መጋጠሚያ ወጥቶ መጣል አለበት። ትንሽ ነገር ግን የሚዋዥቅ ቁጥርም ጥሩ አይደለም።

ይህን በሶኬቱ ብሎን ላይም አድርጉ፦ አንዱ ጫፍ ሽቦው ላይ፣ ሌላው ብሎኑ ላይ። የላላ ብሎን ከምታስቡት በላይ የተለመደ ነው። በጣሪያ ሥር በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያ ካለም ናስትሮውን ፍቱና ለኩት። ሁለቱንም ሽቦ መለካት እንዳትረሱ።

እየለካችሁ ሽቦውን በቀስታ ነቅነቅ አድርጉ። ቁጥሩ ከዘለለ አገኛችሁት።

ደረጃ 8፦ የቤቱን ሽቦ በኦም ፈትሹ

ይህ ለቤት ውስጥ ሽቦ ብቻ ነው፤ ያውም ከመስመሩ ሙሉ በሙሉ ከተለየ በኋላ። የውጭው መስመር እንደተያያዘ በኦም ብትለኩ ንባቡ ውሸት ነው፤ ቴስተሩም ሊቃጠል ይችላል።

በሩቁ ጫፍ ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ላይ ቋጥሩ። በቅርቡ ጫፍ ለኩ። 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ለሄዶ መልሱ በኪሎሜትር 180 ኦም ገደማ አለው። 20 ሜትር ከዘረጋችሁ 3.6 ኦም አካባቢ መሆን አለበት። የቴስተሩ ገመድ የራሱን ጥቂት ነጥብ ይጨምራል፤ ሁለቱን ጫፎች አገናኝታችሁ የሚያሳየውን ቀንሱ። 3 ወይም 4 ኦም ጠብቃችሁ 30 ካገኛችሁ መሐል ላይ መጥፎ ቅጥያ አለ።

ከዚያ የቴስተሩን ጥቁርና ቀይ ጫፍ አቀያይራችሁ ድገሙት። ሁለቱ ንባብ ከተለያየ ዝገቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እያሳለፈ ነው። ንጹሕ መዳብ ይህን አያደርግም።

በመጨረሻ የቋጠራችሁትን ፍቱና በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ለኩ። ምንም መገናኘት የለባቸውም። ቁጥር ከታየ ውኃ ገብቷል፤ ወይም ምስማር ሽቦውን ወግቶታል።

ልብ በሉ፦ ቴስተር በኦም ሲለካ የሚልከው ኃይል ትንሽ ነው። ዛሬ ደህና ያለው መጋጠሚያ ነገ ጭጋግ ሲሆን ሊለወጥ ይችላል። ኦሙና ደረጃ 5 ከተጋጩ ደረጃ 5ን እመኑ።

ደረጃ 9፦ መጋጠሚያውን እንደገና ሥሩ

1. አሮጌውን ቅጥያ ቁረጡና ጣሉ። አትፍቱት፤ አታጽዱት። ዝገቱ በልባሱ ሥር ስለሚሄድ አረንጓዴው ወይም ጥቁሩ አልፎ የሚያብለጨልጭ መዳብ እስኪታይ ወደ ኋላ ቁረጡ።
2. ሽቦዎቹን ሳትልጡ በጄሉ ማያያዣ ውስጥ እስከ መጨረሻው አስገቡ። ግልጽ በሆነው በኩል ጫፋቸው መድረሱን እዩ።
3. በፒንሳ ጠፍጣፋ ክፍል አንዴ ጠበቅ አድርጋችሁ ጭመቁ። ጄሉ ሲወጣ ታያላችሁ። እርጥበትና አየር የሚከለክለው እሱ ነው፤ አትጥረጉት።
4. ሁለተኛውን ሽቦ እንዲሁ አድርጉ፤ ደህና ቢመስልም። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ እኩልነቱ አይመለስም።
5. የሁለቱን ሽቦ ጥምዝ በተቻለ መጠን እስከ መጋጠሚያው አጠገብ ጠብቁ። ጫጫታን የሚያጣፋው ጥምዙ ነው።
6. ትንሽ ትርፍ ሽቦ ተዉ። ከውጭ የሚገባው ገመድ ደግሞ ግድግዳው ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይውረድ፤ የዝናብ ውኃ በገመዱ ተከትሎ ሳጥኑ ውስጥ እንዳይገባ።

ባለ አራት ሽቦ ገመድ ከሆነ አንድ ጥንድ ተጠቀሙ። ከአንዱ ጥንድ አንድ፣ ከሌላው ጥንድ አንድ ብትወስዱ ስልኩ ይሠራል፤ ኢንተርኔቱ ግን ይታመማል። ይህን ስህተት በቴስተር አታገኙትም፤ የሽቦዎቹን ቀለም በማየት ብቻ ነው።

ደረጃ 10፦ ውጤቱን አረጋግጡ

ሞደሙን አንዴ አጥፍታችሁ አብሩት። ምክንያቱም ኤዲኤስኤል ሲያያዝ የተስማማበትን ፍጥነት እንደገና እስኪያያዝ ድረስ ይዞ ይቆያል፤ መስመሩ ቢሻሻልም አይጨምርም። ከዚያ ደረጃ 2ን እና ደረጃ 5ን ድገሙ። ስልክ ሲጠራ ሲአርሲው ካልተነቃነቀ፣ ኤስኤንአሩም ስልክ ሲነሳና ሲዘጋ ቦታው ከረጋ ሥራችሁ ተሳክቷል። የሚቀጥለው ዝናብ እስኪያልፍ ግን መዝገቡን አትዝጉ።

ሰዎች የሚሳሳቱባቸው

*ሞደሙን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት።* ለጊዜው የተሻለ ይመስላል፤ ሞደሙ በዝቅተኛ ፍጥነት ስለተስማማ ነው። ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል፤ የስህተቱ ቆጠራ ከዜሮ ይጀምራልና።

*ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል።* በበጋ ይሠራል። ናስትሮው ግን ውኃ አይከላከልም፤ እንዲያውም የገባውን እርጥበት ይዞ ያስቀራል። ብዙዎቹ የክረምት ብልሽቶች የበጋ ናስትሮ ውጤት ናቸው።

*ረጅም ጠፍጣፋ የስልክ ገመድ።* ሱቅ የሚሸጠው 15 ሜትር ጠፍጣፋ ገመድ ያልተጠመዘዘ ስለሆነ ጫጫታ ይለቅማል። ሞደሙን ወደ ሶኬቱ አስጠጉና ረጅሙን መንገድ በኔትወርክ ገመድ ሂዱ።

*ጥቅም ላይ የማይውል ኤክስቴንሽንን እንደተያያዘ መተው።* ጫፉ ላይ ምንም ባይሰካም ሲግናሉ ወደዚያ ሄዶ ተመልሶ ራሱን ያጠፋል። ከሶኬቱ አላቅቁት።

*የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽን ማመን።* እሱ የሚለካው ከእናንተ እስከ ሩቅ ሰርቨር ያለውን ሁሉ ነው። መጋጠሚያ ለመፈለግ የሞደሙ ገጽ ብቻ ይበቃል።

ችግሩ ከውጭ ከሆነ ለቴክኒሻኑ ምን ትሉታላችሁ?

«ኢንተርኔት ይቆራረጣል» ብቻ አትበሉ። እንዲህ በሉ፦ «በመጀመሪያው ሶኬት፣ ምንም ሌላ ዕቃ ሳይሰካ ሞክሬያለሁ። ስልክ ሲጠራ ዲኤስኤሉ ይቆረጣል፤ ስልክ ሲነሳ ኤስኤንአሩ ይሻሻላል። መጋጠሚያ እጠረጥራለሁ።» መዝገቡንም አሳዩት።

ሲመጣ አንድ ነገር በትሕትና ለምኑት፦ ስልኩን ከማንሳቱና መስመሩን ከመፈተሹ በፊት መጀመሪያ የሞደሙን ቁጥር ይይ። ከጣቢያው የሚደረገው የመስመር ፍተሻም ሆነ ስልክ ማንሳት መስመሩ ላይ ቮልትና ጅረት ይልካል። ያ ደግሞ ዝገቱን ለጊዜው ይሰብረዋል። መስመሩ «ደህና ነው» ይባላል፤ ቴክኒሻኑ ይሄዳል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብልሽቱ ይመለሳል። ይህ የማንም ስንፍና አይደለም፤ የብልሽቱ ጠባይ ነው።

ቴክኒሻኑ ቲዲአር የሚባለው መሣሪያ ካለው ወደ ሽቦው ምት ልኮ ተመልሶ በሚመጣው ምት ብልሽቱ በስንት ሜትር ላይ እንዳለ መገመት ይችላል። ከሌለው የሚቀለው መንገድ ከቤታችሁ ወደ ምሰሶው ሳጥን፣ ከዚያ ወደ ካቢኔት እየሄደ በየቦታው መለካት ነው። ቁጥሩ የተስተካከለበትና የተበላሸበት ሁለት ቦታ መካከል መጋጠሚያው አለ። ከመሬት በታች ባለው ገመድ ውስጥ ሆኖ ሊደረስበት ካልቻለ ሌላ ነፃ ጥንድ ሽቦ እንዲቀይርላችሁ ጠይቁ። ከተቀየረም በኋላ እሱ ሳይሄድ ስልኩን አንዴ አስጠርታችሁ ሲአርሲውን አብራችሁ እዩ።